ዌበር ወይስ ቬበር? የሸማኔው ስም በሦስት ሳጥን

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጣሁ መስቀለኛ ቃላት መሙላት ልማዴ ሆኗል። ባለፈው «አግድም 7፦ ብዙ ታዋቂ ሰዎች የሚጋሩት የጀርመን የአባት ስም (3 ፊደል)» የሚል ገጠመኝ። ሁለተኛው ሳጥን ከ«አበባ»፣ ሦስተኛው ከ«ባሕር» ስለወጣልኝ «ቬበር» ብዬ ሞላሁ። በሚቀጥለው እትም መልሱ «ዌበር» ነው ተብሎ ወጣ። ጀርመን የምትኖር ልጄን በስልክ ብጠይቃት «አባዬ፣ እዚህ ቬበር ነው የሚሉት» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «በደብሊው የሚጻፍ ስም እንዴት ቬ ይሆናል?» ብሎ ይሞግተኛል። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፤ እርስዎም ልክ ነዎት። ጀርመኖች ደብሊውን የሚያነቡት እንደ እኛ «ቨ» ነው። «ቪ» የምንላትን ፊደል ደግሞ በራሳቸው ቃላት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ፈ» ያደርጓታል። ጎረቤትዎ ካልተቀበሉ መንገድ ላይ ወጥተው አንዲት አሮጌ ቮልስ ያሳዩአቸው። እኛ «ቮልስዋገን» የምንላትን መኪና የሠሯት ሰዎች «ፎልክስቫገን» ነው የሚሏት፤ ሁለቱንም ፊደል ገልብጠን ነው የወሰድናት። ይህን አሁን ላርም የሚል ቢነሣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የፎልክስ ፍሬን ሸራ አለ?» የሚል ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። የዕቃ ስም ሰፈር ከለመደው በኋላ የሰፈሩ ነው።

የሰው ስም ግን ባለቤት አለው። ከባለቤቱ አፍ እንደሚወጣው መጻፍ ሲቻል በሌላ ሀገር ሰው ንባብ መጻፍ ምክንያት የለውም። «ዌ» ወደ እኛ የመጣው የጀርመኑን ስም በእንግሊዝኛ ዓይን ስላነበብነው ብቻ ነው። «እንደ ተጻፈው ይነበብ» የሚለውን የጎረቤትዎን ሕግ እስከ መጨረሻው ከወሰድነው፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን ጎተ ኢንስቲትዩት «ጎኤትሄ» ልንለው ነው። በጆሮ ሰምተን ነው «ጎተ» ያልነው፤ ቬበርም ይኸው ይገባዋል።

እዚህ ላይ ግን ለ«ዌ» ወገኖች አንድ ነገር ላቀብላቸው። ፊደላችን «ቨ» ከግዕዝ የወረስነው አይደለም። በ«በ» አናት ላይ ሰረዝ ጭነን የሠራነው፣ ቪዛንና ቫይረስን ለመሳሰሉት ባዕድ ቃላት ያዘጋጀነው ፊደል ነው። ዛሬም «ዩኒበርስቲ» የሚል አንደበት ሞልቷል። ስለዚህ «ቤበር» ብሎ የሞላ አንባቢ ቢኖር አይገርመኝም። ስሕተት ነው፤ ግን ከ«ዌበር» ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ስሕተት ነው። ስለ ቃሉ መጨረሻ ካነሣን፣ ጀርመኖች «ር»ን ውጠው «ቬባ» ወደሚል ድምፅ ይጠጋሉ። እሷን ግን እንተዋት። «ር» በአማርኛ ተለምዳለች፤ ደግሞም «ባሕር» ተሻግሯት ቆሟል።

ይህ ወደ ጨዋታው አዘጋጅ ይወስደኛል። ስሙ በላቲን አምስት ፊደል ነው፤ በእኛ ሦስት ሳጥን ይበቃዋል፣ አናባቢው በፊደሉ ውስጥ ስለታቀፈ። ስለዚህ በአማርኛ ሰንጠረዥ አንድ ሳጥን መሳት የቃሉን ሲሶ መሳት ነው። አዘጋጁ የማያከራክሩትን «በ»ንና «ር»ን በቁልቁል ቃላት አስመስክሮ፣ የምታከራክረዋን የመጀመሪያ ሳጥን ያለ ምስክር ተዋት። በሀ፣ በሐና በኀ ጉዳይ ሞኝ ሆኖ ማለፍ የተለመደ ቸርነት ነው፤ ድምፃቸው አንድ ነውና። «ዌ»ና «ቬ» ግን ድምፃቸው ሁለት ነው፤ ወይ ምስክር ይቁምላቸው፣ ወይ ሁለቱም መልስ ይያዝ።

እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ እኔን ግን ከ«ዌ» ይበልጥ የከነከነኝ ሌላ ነገር አለ፦ «የአባት ስም» የሚለው። ቬበር የማንም አባት ስም አይደለም። የማኅበረሰብ ሳይንሱ ሊቅ ማክስ ቬበር (1864–1920 እ.ኤ.አ.) አባቱም ማክስ ይባሉ ነበር። በእኛ ወግ ብንጠራው «ማክስ ማክስ» ሊሆን ነው። የሙዚቃ ደራሲው ካርል ማሪያ ፎን ቬበር አባቱ ፍራንስ አንቶን ነው፤ እኛ ብንሆን «ካርል ፍራንስ» ብለን እንገላገል ነበር። የማክስ ሚስት ማሪያነ ቬበር ደግሞ በሴቶች መብት ላይ የጻፈች የታወቀች ምሁር ናት፤ ስሙን ያገኘችው ከባሏ ነው፣ ከአባቷ የወረሰችው ሽኒትገር የሚል ነበር። «የአባት ስም» ካልን ማሪያነን ባሏን አባቷ አደረግንባት። ጀርመኖቹ ራሳቸው «የቤተሰብ ስም» ወይም «የኋላ ስም» ነው የሚሉት፤ አባት የሚል ቃል የለበትም። ልጅዎን ይጠይቋት፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ቅጽ በሞላች ቁጥር ይህች ሳጥን ሳታስቸግራት አትቀርም። እኛ ሰው በአባቱ እንጂ በቤተሰብ ስም አንጠራም፤ ያም ሆኖ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ንጹሕ አማርኛ አለን፣ እንጠቀምበት።

«የሚጋሩት» የሚለውም ዘመዳሞች እንዳያስመስላቸው እፈራለሁ። ማክስና ኢኮኖሚስቱ አልፍሬድ ወንድማማቾች ናቸው። የመግነጢስ ፍሰት መለኪያ በስሙ የተጠራለት የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልምና የስሜት ሕዋሳትን ያጠናው ኤርንስት ሃይንሪሕም እንዲሁ፤ ግን የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። ቪልሄልም እ.ኤ.አ. በ1833 ከሒሳብ ሊቁ ጋውስ ጋር ሆኖ በጎቲንገን ከተማ ጣሪያዎች ላይ ሽቦ ዘርግቶ በኤሌክትሪክ መልእክት የተላላከ ሰው ነው። ሁሉን የሚያገናኛቸው ሥጋ ሳይሆን ሙያ ነው፦ «ቬበር» በጀርመንኛ ሸማኔ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ሸማኔ አያት ነበረው፤ የሙያ መጠሪያው ለልጅ ልጅ ስም ሆኖ ቀረ። ሙለር ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሽሚት ብረት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ፊሸር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አምስቱም በጀርመን እጅግ ከበዙት ስሞች ናቸው። በእኛ ሀገር ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሮ፣ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እነሱ ዘንድ ያው ሙያ በር ላይ የሚለጠፍ ስም ሆነ።

«የጀርመን የአባት ስም» ሲባል ስሙ የሀገሪቱ ይመስላል፤ «የጀርመኖች» ቢባል ይሻል ነበር። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «አግድም 7፦ በጀርመንኛ ሸማኔ፤ የማክስም የካርል ማሪያም የቤተሰብ ስም (3)»። ከመጀመሪያው ሳጥን ደግሞ ወደ ታች «ከፀሐይ ሁለተኛዋ ፈለክ (3)» የሚል አስነሣና ቬኑስን ምስክር አቆማለሁ።