መሪው ለምን ዝም አለ? የአንባቢያን የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመት ኮሮላ ዲኤክስ ነዳሁ፤ አሁን የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ገዝቻለሁ። ምቾቱ ሌላ ነው። ግን ከማዘጋጃ ቤት ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ ጎማው የረገጠው እጄ ላይ አይሰማኝም። የመሪ ብልሽት ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ብልሽት አለመኖሩን ያጣሩ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ክሪኩ የሚገባው ከበሩ ሥር ለክሪክ በተዘጋጀው ቦታ ብቻ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ግራና ቀኙን በሁለት እጅዎ ይዘው ይነቅንቁት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ቴስቲና (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ) ወይም የመሪ ሳጥን ነው። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቦልጆይንት (ጎማውን የያዘው መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ነፋስ። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ያስለኩና በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ልክ ጋር ያስተያዩ። ጎሚስታው በግምት አብዝቶ ከነፋው የጎማው መሬት የሚነካ ፊት ይጠባል፤ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፣ ዝናብ ሲመጣ ያንሸራትታል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የቀረው የመኪናው ተፈጥሮ ነው። ዲኤክስ 900 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ቀጭን ጎማ ያለው፣ መሪው በክንድ ጉልበት ብቻ የሚዞር መኪና ነበር። የመንገዱ ንዝረት በብረቱ ተያይዞ መዳፍዎ ድረስ ይመጣል። አይዲ ፎር ከ2,000 ኪሎ በላይ ነው። ጎማው ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተርም መንገዱ የሚልከውን ንዝረት መንገድ ላይ ያስቀረዋል። «ስፖርት» የሚለውን የአነዳድ ዓይነት ቢመርጡ መሪው ይከብዳል እንጂ አይናገርም። ከባድ መሪና የሚናገር መሪ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ፋብሪካዎች ሁለቱን ማደባለቃቸው ያሳዝናል።

የሚመለስ ነገር ግን አለ። መስመር ጠባቂውን (መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ መሪውን ራሱ የሚያስተካክለውን) ከስክሪኑ ያጥፉት፤ መሪውን ቀስ እያለ የሚጎትትብዎ አንዱ እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ወደ «ቢ» ያድርጉ፤ ነዳጅ መስጫውን ሲለቁ መኪናው ራሱን ይይዛል፣ ባትሪውም ይሞላል። ፔዳሉን በመጠኑ እየለቀቁ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ፍሬን ብዙም ሳይነኩ መውረድ ይቻላል፤ አዲሶቹ መኪኖች ከሰጡን እውነተኛ የመንዳት ደስታ አንዱ ይህ ነው። ቤትዎ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ከሆነ ግን ባትሪውን ሌሊት 80 በመቶ ላይ ያቁሙት። ሙሉ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ያ መያዝ ይላላል፣ ሸክሙም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፊትና የኋላ ጎማ ስፋቱ የተለያየ ስለሆነም ጎሚስታ የፊቱን ወደ ኋላ እንዳያዞርብዎ።

መንዳትን ያደበዘዘው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ክብደት ነው። 1,200 ኪሎ ገደማ የሆነው ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋል በፒያሳ ጠባብ መንገዶች አቅጣጫ ሲቀይር ከትልልቆቹ ይልቅ ቀልጠፍ ይላል። አነስ ያለ ባትሪ፣ አነስ ያለ ቸርኬ፣ ዝቅ ያለ ቁመት፦ ዲዛይነሮች ወደዚህ ቢመለሱ ደስታው ይመለስ ነበር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ 1.0 አለኝ፤ እንጦጦን ሲወጣ ይሞታል። ማርሚታ ብቀይርና ሰፊ የአየር ፊልትሮ ባስገባ ጉልበት ያገኛል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ድምፅ ያገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርዎ እዚህ የሚሰጠው 54 አካባቢ ነው፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የጎደለው አየሩ ራሱ ስለሆነ ቱቦ ማስፋት አይተካውም። የሚጠቅመው ንጹሕ ፊልትሮ፣ ያልተቃጠለ ካንዴላና የታጠበ ትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው በር) ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ «2» ያውርዱት፤ ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ቢጮህ አይጎዳም፣ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ችግር አይነካውም።

ጥያቄ፦ አዲስ መኪና ልገዛ ነው፤ ሁሉም ነገር ስክሪን ላይ መሆኑ ያስፈራኛል። ምን ልይ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ነጥብ ይቀንሳል፤ ከፍተኛውን ኮከብ ማግኘትም ይከብዳል። እርስዎም ሳይገዙ ይፈትኑት። መኪናው ቆሞ ሳለ ጋቢና ገብተው ዓይንዎን ጨፍነው የአደጋ መብራቱን ያብሩ፣ መጥረጊያውን ያስነሱ፣ የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያውን ይፈልጉ። በክረምት ዝናብ መስታወቱ በአንድ ጊዜ ይታፈናል፤ ያኔ ስክሪን ላይ ሦስት ቦታ መንካት ማለት ሦስት ጊዜ ዓይንን ከመንገድ ማንሳት ነው። የመጀመሪያዎቹ አይዲ ፎሮች የሙቀትና የድምፅ መቆጣጠሪያ ብርሃን እንኳ ስላልነበረው ማታ በዳበሳ ነው የሚገኘው።

የፊት መስታወቱን ምሰሶም ይዩ። ዛሬ የወፈረው መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፋና የአየር ከረጢት እንዲይዝ ነው፤ ምክንያቱ በቂ ነው። ነገር ግን አደባባይ ላይ አንድ እግረኛ ከነጃንጥላው ሊሸፍን ይችላል። ለሙከራ ሲወጡ አራት ኪሎን አንድ ዙር ይዙሩ፤ ከምሰሶው ጀርባ ለማየት ወንበር ላይ ወደፊት ዘንበል ማለት ካስፈለገዎ መቀመጫውን ከፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩ፣ ካልተስተካከለ ሌላ መኪና ይዩ።