የኋላ ፎግ ላይት በግራ ብቻ ሲበራ

የኋላ ፎግ ላይትህ (ለጉም የሚበራው ደማቅ ቀይ መብራት) በግራ ብቻ እንደሚበራና አንዳንዴም ጭራሽ እምቢ እንደሚል ነግረኸኛል። የቀኙ ተቃጥሏል ማለት ላይሆን ይችላል፤ አምፖል ለመግዛት አትቸኩል። ብዙ የቤት መኪኖች የኋላ ፎግ ላይታቸው አንድ ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር የሚቀመጠውም በግራ ነው። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና ውረድና እይ፤ በቀኝ በኩል በዚያው ቦታ ነጭ ከበራ የኋላ ማርሽ መብራት ነው ማለት ነው።

«አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል» ላልከው፣ መጀመሪያ የፊቱን ዋና መብራት አብራ። ያለዚያ አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያው አይሠራም። ብዙ መኪና ላይ ደግሞ መብራት ስታጠፋ አብሮ ይጠፋና በሚቀጥለው ራስህ እንደገና መጫን አለብህ። ዳሽቦርድ ላይ ብርቱካናማው ምልክት የኋላው ነው፣ አረንጓዴው የፊቱ። ብርቱካናማው እየበራ ከኋላ ምንም ከሌለ ያኔ አምፖሉን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን እይ። እዚህ ድሬዳዋ አቧራው ሶኬት ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ደንገጎ ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው አብራው፤ ወደ ድሬ ስትወርድ ሲገለጥ ወዲያው አጥፋው። አምፖሉ አብዛኛውን ጊዜ 21 ዋት ነው፣ ልክ እንደ ፍሬን መብራት፤ ተራው የኋላ መብራት 5 ዋት ብቻ። በጠራ ሌሊት ከኋላህ ያለው የአይሱዙ ሾፌር ዓይኑ ይጭበረበራል፣ ፍሬን ስትይዝም ቶሎ አይለየውም። ኤሌክትሪሺያኑ «በቀኝም ልጨምርልህ» ቢልህ እሺ አትበል፤ ሁለት ደማቅ ቀይ ጎን ለጎን ሲበራ ፍሬን የያዝክ ነው የሚመስለው።