የአባቴን መጽሐፍ ቅዱስ ላስጠርዘው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኩት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም መጽሐፍ ቅዱስ አለኝ። ከሽፋኑ ጀርባ የስድስታችንም ልደት በእጁ ተጽፏል፤ የእኔ ላይ «ማክሰኞ፣ ዝናብ ነበር» ይላል። አሁን ገጾቹ ተገንጥለው ባለቤቴ በስኮች ላጣብቀው እያለ ነው። አዲሱ መደበኛ ትርጉምም ስላለኝ ልጆቼ ደግሞ «ሁለት ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎን ያስቁሙልኝ! ስኮች ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የእናቴን ዳዊት እንዲሁ ያበላሸሁት እኔው ነኝ፣ ያውም ጠገንኩት ብዬ።

ጠራዥ ጋ ከመሄድዎ በፊት የልደቱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው ለወንድም እህቶችዎ ይላኩ። ጠራዡን ዳር ዳሩን በማሽን እንዳይከረክመው አደራ ይበሉት፤ ኅዳጉ ላይ አባትዎ የጻፉት ነገር ሊኖር ይችላል። የድሮውን ሽፋን ከነወረቀቱ እንዲመልስልዎም ይንገሩት፤ አዲስ ሽፋን ሲገባ ቀድሞ የሚጣለው እሱ ነው። ፌስታል ውስጥ ግን እንዳያስቀምጡት። የሐይቁ እርጥበት ታፍኖ ያሻግተዋል፤ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ከግድግዳው ራቅ አድርገው ያስተኙት።

ልጆቹን መዝሙር 23ን ከሁለቱም ያስነብቧቸው። የ1954ቱ «የሚያሳጣኝም የለም» ሲል፣ አዲሱ መደበኛ «አንዳች አይጐድልብኝም» ይላል። እኔ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ ልጆችዎ ሁለተኛውን ቢመርጡ አልቀየማቸውም። ባለ 81ዱን የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ከጎረቤት ተውሰው ካመጡ ደግሞ፣ የመዝሙሩ ቁጥር እዚያ በአንድ ስለሚያንስ ያንኑ መዝሙር 22 ላይ ይፈልጉት።