«ምንም አይታይም» አትበሉኝ

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። ከዓመት በፊት ስኮሊዮሲስ (የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም) አለብሽ ተባልኩ። በራጅ ሲለካ 32 ዲግሪ ነው። በቀን ለ18 ሰዓት ብሬስ (ጀርባን ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ መደገፊያ) እንዳደርግ ታዝዞልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከቤት ስወጣ አላደርገውም። አንዱ ትከሻዬ ከፍ ብሏል፣ ወገቤ በአንድ በኩል ገባ ብሏል፣ የምለብሰው ሁሉ ተንጋዶ ነው የሚቀመጥብኝ። ፎቶ መነሳት ትቻለሁ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልብስ የምቀይረው ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው። ለእናቴ ስነግራት «ምንም አይታይም፣ አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ትለኛለች። እውነት እያካበድኩ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። እያካበድሽ አይደለም።

እናትሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ሸክሙን ልታቀልልሽ ነው። ግን «ምንም አይታይም» ስትልሽ አንቺ ጋ የሚደርሰው ሌላ ነው፤ በየቀኑ መስታወት ውስጥ የምታይውን ነገር የለም እያለችሽ ነው፣ ስለዚህ ነገሩን በሆድሽ ይዘሽ ብቻሽን ትቀሪያለሽ።

ራጁ የሚለካው የአጥንትሽን መጣመም ነው። አንቺ የሚሰማሽን አይለካም። ሁለቱ ደግሞ እኩል አይሄዱም። 20 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ከሰው ዓይን የሚሸሽ ልጅ አለ፣ 50 ዲግሪ ኖሮትም ብዙ የማይጨነቅ አለ። ሐኪሞችም ይህን ያውቃሉ። ኤስአርኤስ-22 የሚባል፣ ለስኮሊዮሲስ ተብሎ የተዘጋጀ የ22 ጥያቄ መጠይቅ አላቸው። ስለ ህመምና ስለ እንቅስቃሴ ይጠይቃል፤ ስለ መልክሽ ምን እንደሚሰማሽና ስለ አእምሮሽ ጤና ደግሞ ለየብቻ ይጠይቃል። ቅንጦት ቢሆን ኖሮ እዚያ ውስጥ አይገባም ነበር። እስካሁን ማንም ካልጠየቀሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ አንቺው ጀምሪው። «ዶክተር፣ ስለ መልኬ በጣም እየተጨነቅኩ ነው» ማለት ይበቃል።

ሳልረሳው፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከባድ ቦርሳ ስለተሸከምሽ ወይም ጎብጠሽ ስለተቀመጥሽ የመጣ ነገር አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚታየው ስኮሊዮሲስ በአብዛኛው ምክንያቱ በውል አይታወቅም፣ በቤተሰብ ውስጥ ግን ሊደጋገም ይችላል። ከ100 ታዳጊዎች 2 ወይም 3ቱ ላይ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ መጣመም ይገኛል። ብሬስ ወይም ቀዶ ጥገና እስከሚያስፈልግ የሚባባሰው ደግሞ ይበልጥ በሴቶች ላይ ነው። ያውም የሚባባሰው ሰውነት በፍጥነት በሚያድግበት፣ ጤነኛው ልጅ እንኳ ስለ መልኩ በሚጨነቅበት ዕድሜ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ቢከብድሽ ምን ይገርማል!

አሁን ወደ ብሬሱ። እዚህ ላይ አላባብልሽም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶዎቹ ዕድገታቸው እስኪያበቃ መጣመማቸው 50 ዲግሪ አልደረሰም፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶዎቹ። 50 ዲግሪ ማለት የቀዶ ጥገና ሐሳብ የሚነሳበት መጠን ነው። በብሬሱ ውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተደርጎ ሰዓቱ ሲቆጠር፣ በቀን በአማካይ ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደረጉት ከ10 9ኙ ተሳክቶላቸዋል። ብሬሱ የተጣመመውን ቀጥ አያደርግም፣ እንዳይብስ ነው የሚይዘው፤ ለዚህ ነው ስታደርጊው ለውጥ የማይታይሽ፣ ተስፋም የሚያስቆርጠው። ግን እየሠራ ነው።

እስቲ ሰዓቱን አብረን እንቁጠረው። ከ24ቱ 18ቱ ለብሬሱ ከሆነ 6 ሰዓት የራስሽ ነው። የትኛው 6 ሰዓት ይሁን? የስፖርት ክፍለ ጊዜ? ከጓደኞችሽ ጋር የምትወጪበት ቀን? ይህን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪና አንቺ ምረጪ። አሁን የምታደርጊው ግን መደበቅ ነው። ሐኪሙ 18 ሰዓት እያደረገች ነው ብሎ ሲያስብ አንቺ 10 ሰዓት ከሆነ፣ የሚወስነው ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ንገሪው። የሚቆጣሽ ከሆነም ይቆጣ፣ ከዚያ በኋላ ግን አብራችሁ መላ ትፈልጋላችሁ። የሚጎዳሽ ቦታ ካለ ብሬሱ ሊስተካከል ይችላል። ከሥሩ ስፌቱ የማይቆረቁር ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበሺ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ልብስ።

ለአንዲት ጓደኛሽ ንገሪያት። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንዷ ብቻ። ሌላ ሰው ሲጠይቅሽ የምትመልሺውን አጭር ዓረፍተ ነገር አስቀድመሽ አዘጋጂ፦ «የጀርባ አጥንቴ ተጣሟል፣ ይሄ እንዳይብስ የሚይዝልኝ ነው»። ብዙዎቹ ከዚህ በላይ አይጠይቁም።

የእንግሊዟ ልዕልት ዩጂኒ በ12 ዓመቷ በስኮሊዮሲስ ምክንያት ጀርባዋ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስታገባ ሆን ብላ ጀርባው ክፍት የሆነ ቬሎ ለበሰች፣ ጠባሳው እንዲታይ። አንቺም እንደሷ አሳዪ አልልሽም፤ ማሳየትም መሸፈንም ያንቺ ምርጫ ነው። ሯጩ ዩሴን ቦልትም ስኮሊዮሲስ አለበት። በ9.58 ሰከንድ 100 ሜትር የሮጠው በዚያው ጀርባ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምግብ መተው ከጀመርሽ፣ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ከክፍል መቅረት ካበዛሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታቆዪው። ዛሬውኑ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ተናገሪ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋም ይውሰዱሽ።

ይህን ገጽ ለእናትሽ ብታሳያት ደስ ይለኛል።

እናት፣ እያነበቡ ከሆነ ይህ ለእርስዎ ነው። ሕክምና ያላገኙ የስኮሊዮሲስ ሰዎችን ለ50 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። አብዛኞቹ ሠርተው፣ እንደ ሰው ኖረዋል። የጀርባ ህመም ግን ከሌላው ሰው ይበዛባቸው ነበር፣ ስለ መልካቸውም በዚያ ዕድሜ እንኳ የሚከፋቸው ነበሩ። ስለዚህ በራሱ ጊዜ ይረሳል ብለው አይተዉት። «ብሬሱን አደረግሽ?» የሚለውን ጥያቄ በቀን አንዴ ብቻ ያድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ «ያስታውቃል» ስትልዎት ደግሞ «የቱ ጋ ልጄ?» ይበሏትና በደንብ ይዩላት። ካዩት «አዎ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይታያል» ይበሏት። ከዚያ የምትለውን እስክትጨርስ ዝም ብለው ይስሟት።