ፍሪዘሩ በ11ኛው ቀን ቆመ፣ ደረሰኝ ደግሞ የለኝም

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የቀረሶና የአምባዛ ፊሌቶ እያዘጋጀሁ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ከ22 ቀን በፊት ገበያው አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ዲፕ ፍሪዘር በ58 ሺህ ብር ገዛሁ። 50 ሺውን በቴሌብር፣ 8 ሺውን በእጅ ከፈልኩ። ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሻል ሲለኝ እሺ አልኩ። በ11ኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ዓሣው ለስልሷል። 30 ኪሎ ግድም ተጣለ። ሞተሩ ድምፁ ይሰማል፣ ግን አይቀዘቅዝም። በማግሥቱ ለሻጩ ደወልኩ፣ ባለሙያ እልካለሁ ብሎ ሁለቴ ቀጠረኝ፣ ማንም አልመጣም። ሱቁ ድረስ ስሄድ "መብራት ነው ያቃጠለው" አለኝና ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን አሳየኝ። አንድ የሰፈር ፍሪጅ ሠሪ የኋላ ሽፋኑን ፈትቶ አይቶ ጋዙ አልቋል አለ። ቅዳሜ መጥቶ በ4,500 ብር ሊሞላልኝ ነው። ደረሰኝ ስለሌለኝ ዝም ልበል?»

መልስ፦

እህት ዓለም፣ ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን ሰው አስቁሚው። ሙያውን ጠልቼ አይደለም። ጋዙን የሞላ ቀን ማስረጃሽን አብሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ሻጩ «ዕቃዬን ነካክተውት ነው የተበላሸው» ለማለት በቂ ሰበብ ያገኛል፣ እኔም ብሆን የሱ ጠበቃ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።

«ጋዙ አልቋል» ያለሽ ሰው ሳያውቀው ትልቅ ነገር ነግሮሻል። የፍሪዘር ጋዝ እንደ ማብሰያ ሲሊንደር በአገልግሎት ብዛት አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ዓመታት ይቆያል። ከሌለ ፈሷል፣ ከፈሰሰ ደግሞ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ወይም ከመጀመሪያውም በልኩ አልተሞላም ነበር። የመብራት መዋዠቅ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም ሞተሩን፣ ሊያቃጥል፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሪሌይ ሊበላ ይችላል። ቱቦ ግን አይበሳም። አንቺ ደግሞ ሞተሩ ይሠራል ብለሻል። የተቃጠለ ሞተር እንዴት ብሎ ነው የሚሠራው? የሻጩ «መብራት ነው» እዚህ ላይ ይንገዳገዳል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሰውየው ይምጣ፣ ግን ለመሙላት ሳይሆን ለመፈለግ። ቀዳዳው የት ነው? ከኋላ በኩል ቱቦና ቱቦ በብየዳ የተያያዙበት ቦታ ላይ ቅባት የመሰለ እርጥበት ካለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ትንሽ ይዞ ስለሚወጣ ነው እንዲያ የሚያረጥበው። የሳሙና አረፋ ቀብቶ ሲያሳይሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ብዙ ጋዝ ወጥቶ ካለቀ ግን አረፋው ላያሳይ ይችላል፣ ይህን እሱ ያውቀዋል። ጀርባው ላይ ያለውን ሰሌዳም ፎቶ አንሺ፣ የሴሪ ቁጥሩና የጋዙ ዓይነት አለበት። አር-600ኤ የሚል ከሆነ ደግሞ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፣ ቤት ውስጥ እሳት ይዞ እንዳይጠጋው።

አሁን አንድ ነገር በሐቅ ልጠይቅሽ። በረዶ በቢላ ፍቀሻል? ብዙ ፍሪዘር የሚበሳው እንዲያ ነው። የውስጥ ግድግዳው ውስጥ ቱቦው አለ፣ ቢላው ጫፍ ከነካው አበቃ። ቀዳዳው ውስጥ በኩል፣ የቢላ ጭረት አጠገብ ከተገኘ ጉዳዩ ያንቺ ነው፣ ሻጩን አትክሰሺው፣ ገንዘብሽንም ጊዜሽንም ትጨርሺያለሽ። በ11 ቀን ውስጥ ግን የሚፋቅ በረዶ ይጋገራል ብዬ አላስብም። ከሱቁ ስታመጪውስ በምን መጣ? በጭነት ባጃጅ አስተኝታችሁት ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ከሆነ ይህንንም ያነሱብሻል። ሻጩ ራሱ አድርሶልሽ ከሆነ ነገሩ ወደ እሱ ያደላል። መልሱን አስቀድመሽ አዘጋጂ።

ሰውየው ያየውን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ፦ ቀኑን፣ ምን እንደፈታ፣ ምን እንዳልነካ፣ ቀዳዳው የት እንደሆነ። ስሙንና ፊርማውን ያኑርበት። የድካሙን ክፈዪው፣ በነፃ የጻፈ ሰው ፍርድ ቤት ሲጠራ ይጠፋል።

ወደ ሕጉ ልምጣ።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ጉዳይ ያወራሽው ሰው ሁሉ «ሸማች ነሽ፣ አዋጅ አለልሽ» ብሎሽ ይሆናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጥሩ ሕግ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። አንቺ በ12ኛው ቀን ደውለሻል፣ ቀኑ ውስጥ ነሽ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አዋጁ ሸማች የሚለው ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ ሳይሆን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ፍሪዘሩን መልሰሽ ልትሸጪው አልገዛሽም፣ እውነት ነው። ግን የገዛሽው ለንግድሽ ነው፣ ለቤትሽም አይደለም። ሻጩ ትንሽ የሚያውቅ ጠበቃ ካገኘ መጀመሪያ የሚይዘው ይህን ነው። ልጆችሽ የቤት ሥጋና ወተት የሚያስቀምጡበት ከሆነ ንገሪ፣ ካልሆነ ግን ለአዋጁ ብለሽ አትዋሺ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አቤቱታ ማስገባት አይከለከልም፣ አንዳንዴ አንድ ጥሪ ብቻ ሻጩን ያለሳልሰዋል። እኔ ግን ጉዳይሽን እዚያ ላይ ብቻ አላንጠለጥለውም።

የማይነቃነቀው መሬት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በ1952 የወጣ ሕግ ነው፣ ያኔ ዲፕ ፍሪዘር ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው ቤት እንደነበረ እንጃ፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ዛሬም አልደከመም። ሸማች ሁኚ ነጋዴ አይጠይቅሽም። ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ ነው ይላል። ፍሪዘር ካላቀዘቀዘ ቁም ሳጥን ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ካንቺ ይጠበቃል። አንደኛው ጉድለቱ ዕቃውን ስትረከቢ የነበረ መሆኑን ማሳየት ነው፣ የብየዳው ፎቶ የሚያስፈልግሽም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጉድለቱን እንዳወቅሽ ሳትዘገዪ ለሻጩ ማስታወቅ ነው፣ ቁጥር 2292። በማግሥቱ ስለደወልሽ እዚህ ላይ ደህና ነሽ። ግን ደወልኩ ማለትና ማስረዳት ይለያያሉ። የጥሪ ዝርዝርሽን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሺ፣ ስልክ የቆዩ ጥሪዎችን ይሰርዛል። ካስታወቅሽበት ቀን ጀምሮ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለሽ፣ ከዚያ ካለፈ መብቱ ይወድቃል። «ነገ እልካለሁ፣ ከነገ ወዲያ እልካለሁ» የሚል ሻጭ ይህን ዓመት ሲበላው ብዙ አይቻለሁ።

ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍስ? በቁጥር 1686 መሠረት አንድ ነጋዴ ለራሱ ያወጣው የአሠራር ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ሰው አውቆ ከተቀበለው ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ካጸደቀው ብቻ ነው። የገዛሽ ቀን አንብበሽ ተስማምተሽ ነበር? ወይስ ጽሑፉን ያሳየሽ ሲጨቃጨቅሽ ነው? በደብዳቤሽ እንደገባኝ ሁለተኛው ነው። ቢሆን ቢሆን እንኳ ያ ጽሑፍ የሚመለከተው ቀለሙ አላማረኝም ብሎ የሚመልሰውን ሰው ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ። ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ሸጦልሽ ከሆነማ ምንም ዓይነት «አይመለስም» አያድነውም።

አሁን ወደሚያሳፍርሽ ነገር። ደረሰኝ።

ደረሰኝ የለም ማለት ሽያጭ የለም ማለት አይደለም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። 50 ሺው በቴሌብር ከስልክሽ ወደ እሱ ስልክ ሄዷል፣ ቀንና ሰዓት አለው። ያወረዱት ልጆች አይተዋል። ካርቶኑን ጥለሽው ካልሆነ ካርቶኑ አለ። ከሻጩ ጋር በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ የተጻጻፋችሁት ካለ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ማለትን ይከለክላል። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታውም የእሱ ነው። በእጅ የሰጠሽው 8 ሺህ ግን ምስክር ከሌለው ሊካድ እንደሚችል አሁኑኑ እወቂው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ተንኮል እንዳይታይሽ። «ካልመለስክልኝ ያለ ደረሰኝ እንደምትሸጥ ለገቢዎች እነግራለሁ» አትበዪ፣ በተለይ በጽሑፍ። እሱን ማስፈራራት ያሰብሽበት መልእክት ዛቻ ተብሎ አንቺኑ ሊያስጠይቅ ይችላል። የቅናሹ ተጠቃሚ አንቺም ነበርሽ፣ ዳኛ ፊት ይህን ስትጠየቂ ሳትደብቂ «አዎ፣ ርካሽ ስለሆነልኝ ተቀበልኩ» ማለት ይሻላል። እኔ ራሴ ጠበቃ ሆኜ ቴሌቪዥን ስገዛ የጋራንቲ ካርዱን ሳላነብ ፈርሜ ጋራንቲው ስክሪኑን አይጨምርም ተብዬ አውቃለሁ፣ አልፈርድብሽም።

ዓሣውስ? 30 ኪሎ ቀላል አይደለም። ሕጉ በመደበኛው የሚከፈለው ማንም ሰው ሊገምተው የሚችለው ጉዳት ነው ይላል። ከዚያ በላይ ለማግኘት ስትዋዋሉ ልዩ ሁኔታሽን ነግረሽው መሆን አለበት፣ ቁጥር 1801። «ዓሣ ላስቀምጥበት ነው፣ ለምግብ ቤት የማቀርበው» ብለሽው ከሆነና የሰማ ሰው ካለ መንገድ አለሽ። ደግሞ ጉዳቱን ለመቀነስ ምን አደረግሽ ይሉሻል። የተረፈውን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስገብተሽ ነበር? ለምግብ ቤቶቹ የጻፍሽው «ዛሬ አላመጣም» የሚል መልእክት አለ? ይህ የክሱ ደካማ እግር ነው፣ ጠይቂው፣ ግን በእርቅ ጊዜ የምትለቂው ነገር ካስፈለገ ይህን ልቀቂ።

ለ58 ሺህ ብር ጠበቃ ቅጠሪ ብልሽ ራሴንም አላምነውም። ራስሽ ልትቀርቢ ትችያለሽ። ከዚያ በፊት ግን በሽማግሌ ይሞከር፣ ሻጩ የገበያ ሰው ነው፣ ስሙ ይቆጨዋል። ከተስማማችሁ በቃል አትለያዩ። ማን፣ ምን፣ በስንት ቀን እንደሚያደርግ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። የእርቅ ውል በሁለታችሁ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው፣ ስለዚህ ዓሣውን ረስተሽ ከፈረምሽ ዓሣው ቀረ ማለት ነው።

ዛሬ ማታ በኤስኤምኤስ የምትልኪው ይህንን ነው፣ እንዳለ ቅጂው፦

«ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ቀን (ቀኑን ጻፊ) ከሱቅዎ በ58 ሺህ ብር የገዛሁት ዲፕ ፍሪዘር በ11ኛው ቀን ማቀዝቀዝ አቁሟል። በማግሥቱ በስልክ አሳውቄዎታለሁ። ባለሙያ እልካለሁ ብለው ሁለት ጊዜ ቀጥረው አልመጣም። ዕቃው ሳይጠገን እንዳለ ተቀምጧል፣ መጥተው ወይም ባለሙያ ልከው ማየት ይችላሉ። ይህ መልእክት በደረሰዎ በ7 ቀን ውስጥ ዕቃውን እንዲለውጡልኝ ወይም 58 ሺህ ብሬን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፣ ገቢዎች የለበትም፣ ዓሣውም ለጊዜው የለበትም። «ሳይጠገን እንዳለ» የሚለው እውነት እንዲሆን ነው ቅዳሜ ጋዝ አታስሞዪ ያልኩሽ። እሱ በ7 ቀን ውስጥ ካልመለሰ፣ ያኔ የሰውየውን ወረቀትና የቴሌብሩን ማረጋገጫ ይዘሽ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂጂ። የላክሽውን መልእክት ስክሪንሾት አንስተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ስልክም እንደ ፍሪዘር ነው፣ በ11ኛው ቀን ሊቆም ይችላል።