ያበጠውን ወለል ከመለጠፍሽ በፊት ሥሩን እዪ

እህቴ፣ «የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሊኖሊየም በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል አብጧል፣ ሳሎን ላይ ደግሞ የከሰል ፍም ወድቆ በስቶታል። ሙሉውን ልቀይረው ወይስ ይጠገናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አትቀይሪው። እኔ ቀይሬ 9,000 ብሬን ውሃ በልቶታል።

1ኛ፦ እብጠቱን ለመለጠፍ አትቸኩዪ። የኔም ያበጠው እዚያው በር ጋ ነበር። ባለሙያ ጠራሁ። ገልጦ እንኳ ሳያይ «ማስቲሹ ለቆ ነው፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። ገዛሁ፣ ተለጠፈ፣ አማረ። በሦስተኛው ሳምንት ያው ቦታ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ጥጉን ስገልጠው ሊሾው ጠቁሯል፣ ሻጋታው ይሸታል። ለካ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ያፈሳል፤ ውሃው ግድግዳ ግድግዳውን ወርዶ ወለሌ ሥር ይተኛል።

ወደሚመለከተው ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የወለል ምንጣፍ የግል ጉዳይ ነው» አለችኝ። የመጣሁት ለቧንቧው ነው ብል ማን ይስማኝ! እስካሁን ያንገበግበኛል። በመጨረሻ የላይኛዋን ጎረቤቴን ቡና ጠራኋት። ወለሉን ገልጬ አሳየኋት። ደነገጠች፣ ምንም አላወቀችም ነበር። ግማሽ ግማሽ ከፍለን በአንድ ከሰዓት አሠራነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ምንጣፉን ገልጠሽ ሊሾው ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ዘርጊ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊው። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ላብ ካየሽ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እርጥበት አለ ማለት ነው። ማስቲሽ እዚያ ላይ አይበረክትም። እኔ ቧንቧው ከተሠራ በኋላ አምስት ሳምንት ጠብቄ ነው የለጠፍኩት።

2ኛ፦ ፍሙ ለበሳው ሰው አትጥሪ፣ በእጅሽ ትሠሪዋለሽ። ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ዓይን ከማያየው ቦታ፣ ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ቁራጭ አውጪ። ቀዳዳው ላይ አስቀምጠሽ አበባውን ከአበባው ጋር አገጣጥሚ፣ እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዢው። ከዚያ ማስመሪያ አስደግፈሽ በካተር ሁለቱንም አንድ ላይ ቁረጪ። ቁም ነገሩ አንድ ላይ መቁረጡ ነው፤ ለየብቻ ከቆረጥሽ ክፍተት ይተዋል። የተቃጠለውን አውጥተሽ፣ የድሮውን ማስቲሽ ፍቀሽ አዲሱን ለጥፊ። እኔ 25 ኪሎ ጤፍ ጭኜበት አደርኩ። ዛሬ የት ጋ እንደተጠገነ ያወቀልኝ እንግዳ የለም። ማስቲሽ ሲቀባ ግን መስኮት ይከፈት። ከሰልም ሻማም በቤቱ እንዳይኖር፣ ከማስቲሹ የሚወጣው ትነት እሳት ይይዛል።

3ኛ፦ እጥበቱ። እኛ ሊኖሊየም የምንለው አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው ሊኖሊየም የሚሠራው ከተልባ ዘይት፣ ከጥድ ሙጫና ከቡሽ ወይም ከእንጨት ዱቄት ነው፤ ጀርባው እንደ ጆንያ የተሸመነ ነው። እንዲህ ያለው ላይ በረኪና ጠብ እንዳታደርጊ፣ ዘይቱን ይበላዋል። የገዛ እህቴ ከቆየ ቤት የወረሰችውን ወለል እንዲህ አበላሽታዋለች። ለሁለቱም ቢሆን ለስለስ ያለ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ፣ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ በቂ ነው። ውሃ አታፍስሺበት።

ፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ሥሩ ጎማ የሆነ የእግር መጥረጊያ አታኑሪ። ቢጫ ምልክት ይተዋል፣ በምንም አይለቅም። የኔን በር ላይ የሸፈንኩት በጨርቅ ምንጣፍ ነው። ቄጤማም ከጎዘጎዝሽ እርጥቡን አታሳድሪው።

የአንቺ የቱ እንደሆነ ካልገባሽ ጥጉን ገልጠሽ የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ። ከላይሽ ያለው ቤት መታጠቢያው ባንቺው በር ትክክል መሆኑንም ንገሪኝ።