የክልል መሬት ወደ ፌዴራል ሲሄድ ምን ምን ይዞ ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች በመሬት አስተዳደር ባለሙያነት፣ ኋላም በጥብቅና ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጃችን «ክልሉ ለፌዴራል መንግሥት መሬት ሲሰጥ በመሬቱ ላይ ያለው ሥልጣንም አብሮ ይሄዳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ በአጭሩ «አይሄድም» አልኩት። ያቺ አጭር መልስ ብዙ ጥያቄ አስከተለችብኝ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ የመጡበትን ብቻ እጠቅሳለሁ።

ከደጀን፦ ዋናው አስፋልት የፌዴራል ነው ይሉናል። ታዲያ ከእርሻዬ ተቆርሶ ለመንገዱ የገባው መሬት የፌዴራል ሆነ ማለት ነው?

ባለይዞታው ተለወጠ እንጂ መሬቱ ከክልሉ አልወጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። ከዚያ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ በአንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱ የመሬት አጠቃቀም ሕግ ያወጣል፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሉ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን ያስተዳድራል። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1324 የተተካው አዋጅ 456/1997 «የመንግሥት ይዞታ» ሲል የክልሉንም የፌዴራሉንም ይዞታ ይጨምር ነበር። ስለዚህ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ እርስዎ ትናንት በነበሩበት ቦታ ባለይዞታ ሆኖ ገባ። ጎረቤትዎ ነው፤ እንደ ጎረቤት አዋሳኝ አለው፣ እንደ ጎረቤት ይከሰሳል።

ከጃዊ፦ በስኳር ልማቱ ግቢ ወንጀል ቢፈጸም የሚዳኘው ማን ነው? «የፌዴራል ግቢ ነው፣ የክልል ፖሊስ አይገባበትም» የሚሉ አሉ።

ይህን አባባል ያመጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ፤ በየችሎቱ እሰማዋለሁ። የጣና በለስ ስኳር ልማት ከፊሉ በአዊ ዞን ጃዊ ወረዳ፣ ከፊሉ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ቢደባደቡ፣ ጃዊ በኩል ከሆነ ጉዳዩ የአማራ ክልል፣ ማዶ ከሆነ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በእኛ አገር የፍርድ ቤት ሥልጣን በአጥር አይለካም፤ እንደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሕግ ከተጠቀሱ ቦታዎች በቀር የሚለካው በጉዳዩ ዓይነትና በተከራካሪዎቹ ማንነት ነው።

ጉዳዩ የፌዴራል ቢሆን እንኳ አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድዎትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። በአዋጅ 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት በአምስት ክልሎች ሲቋቋም አማራ አልነበረበትም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ያለው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንዱን መዝገብ እንደ ክልል፣ ቀጣዩን እንደ ፌዴራል ሊያይ ይችላል። ዳኛው ያው፣ ወንበሩም ያው ነው።

ያው ጠያቂ፦ አሜሪካ ያለ ዘመዴ ግን እዚያ የፌዴራል ግቢ ውስጥ የክልል ሕግ አይሠራም ይላል።

ዘመድዎ አልተሳሳተም፤ ግን ስለ አሜሪካ ነው የሚነግርዎት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 8 የፌዴራሉ ምክር ቤት፣ ክልሎች በሚለቁት መሬት ላይ ብቸኛ ሥልጣን እንዲይዝ ይፈቅዳል። ዋሽንግተን የተመሠረተችው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በለቀቁት መሬት ላይ ነው። የቨርጂኒያ ድርሻ ደግሞ በ1846 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተመልሷል፤ የተሰጠ መሬት ሲመለስ ማየት ብርቅ ነውና ይህን ልብ ይበሉ። እዚያም ቢሆን መሬት መግዛትና ሥልጣን መረከብ ሁለት ነገር ነው። ከ1940 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣኑን መቀበሉን በጽሑፍ ካላሳወቀ እንደተቀበለ አይቆጠርም፤ በሰፋፊዎቹ የፌዴራል ደኖች ውስጥም በአብዛኛው የክልሉ ሕግ ይሠራል።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርቡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ድሬዳዋ በሕገ መንግሥቱ ስሟ የለም፤ ኦሮሚያና ሶማሌ ሲወዛገቡባት በፌዴራል ሥር ገብታ በአዋጅ 416/1996 ቻርተር ተሰጣት። በጎጃም ምድር እንዲህ ያለ ቦታ የለም።

ከቡሬ፦ ክልል ሥልጣኑን በፈቃዱ ወደ ላይ ማስተላለፍ ይችላል?

ይህ የጥያቄዎቹ ሁሉ ራስ ነው። አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 9 የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣኑን ለክልል በውክልና ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። ክልል ወደ ላይ ስለሚሰጠው ውክልና ግን አንድ ቃል የለም።

ይህ ዝምታ በተግባር ተፈትኗል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ «የፌዴራል መሬት ባንክ» የሚባል አሠራር መጣ። ለእርሻ ኢንቨስትመንት የሚውልና 5,000 ሔክታርና ከዚያ በላይ የሆነ መሬት ክልሎች በውክልና ለግብርና ሚኒስቴር እንዲያስረክቡ፣ ውሉንም እርሱ እንዲዋዋል ተደረገ። ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚህ መንገድ ሰፊ መሬት አስረከቡ። በጣም የታወቀው ካሩቱሪ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጋምቤላው ውል ነው፤ 100,000 ሔክታር፣ ኪራዩ በሔክታር በዓመት 20 ብር። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ያን ጊዜ ደጋፊዎቹ «ክልሎቹ ፈቅደዋል፣ አቅምም የላቸውም» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «ሕገ መንግሥት የሰጠህን ሥልጣን በደብዳቤ አትመልሰውም» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ሥልጣኑ የክልሉ ባለሥልጣን የግል ንብረት አይደለም፤ የተሰጠው በቅርብ ሆኖ እንዲጠየቅበት ነው። የጋምቤላ ገበሬ መሬቱን ማን እንዳከራየበት ለመጠየቅ አዲስ አበባ መሄድ ካለበት «ያስተዳድራል» የሚለው ቃል ምን ቀረለት?

የእናንተው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የክልሉ ኮርፖሬሽን ነው። የፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን መሬት የሚይዘው ደግሞ ከክልሎች ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው። ስምምነት ካለ ሰነድ አለ ማለት ነው፤ ሰነዱን ጠይቁ።

ከባሕር ዳር፦ ጣና የማን ነው?

ውኃው የፌዴራል፣ ዳርቻው የክልል። አንቀጽ 51 ክልል አቋራጭ ወንዞችንና ሐይቆችን ለፌዴራል ይሰጣል፤ ጣና በአማራ ክልል ውስጥ ቢሆንም ዓባይ ከእርሱ ወጥቶ ድንበር ይሻገራል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ያለው የጨረጨራ ግድብ በር ሲዘጋ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚሳሳው፣ ሲከፈት የሚያገሣው በዚህ ክፍፍል ነው።

ከሞጣ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ቃላድ ሊጥሉ ሲመጡ እምቢ ብለን ነበር። አሁን በሳተላይት ይለካሉ አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

አባባ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት የተነሡት ለገንዘቡ ብቻ እንዳልነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ርስት ከተለካ የመንግሥት ይሆናል የሚል ሥጋት ነበር። ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ 31 የገጠሩን መሬት ሳይለካ ሁሉንም ወሰደ። ዛሬ መለካቱ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ የሚወሰድብዎት መሬት ልኩ ካልታወቀ ካሳውም አይታወቅም። «የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግስ?» ብለው ከጠየቁኝ፣ እርሱ ሌላ ቁስል ነው፤ ሌላ ቀን።

ከእነማይ፣ አንዲት እናት፦ ባለቤቴ አርፏል። የግጦሽ መሬታችን «ለፌዴራል ፕሮጀክት» ተብሎ ታጠረ። ደብተር የለንም ተባልን።

እትዬ፣ ባለፈው ያመጡልኝን አረንጓዴ ደብተር አስታውሱ። የሁለታችሁም ፎቶግራፍ አለበት። ከማሳው ዝርዝር ግርጌ አዋሳኞቹ ተጽፈዋል፤ በምሥራቅ ወንዝ፣ በደቡብ የጎረቤት ስም፣ በሰሜን «ወል»። ያቺ «ወል» የምትል አንዲት ቃል ማስረጃዎ ናት። የግል ማሳዎ ደብተር ግጦሹ የጋራ ይዞታ እንደነበር በመንግሥት ማኅተም ይመሰክራል። የአካባቢውን ሰዎች ደብተር ሰብስቡ፤ ስድስት ሰባቱ በየአቅጣጫው «ወል» ካሉ ቦታው ራሱ ተከበበ ማለት ነው። በአንድ ቀበሌ መዝገብ ላይ እንዲህ አድርገን፣ በእርሳስ ብናገናኘው የታጠረው ቦታ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

ከዚያ ወረዳውን ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ መሬቱ እንዲለቀቅ የወሰነው አካል ትእዛዝ፣ የካሳ ግምቱ፣ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ። የማስለቀቅ ትእዛዝ ከደረሳችሁ አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ አቅርቡ። «የፌዴራል ነው፣ እኛ አያገባንም» ካሏችሁ ያንኑ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አይጽፉትም።

ከአዋበል፦ ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው?

አዋጅ 1161/2011 ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛውን ዓመት ገቢ 15 እጥፍ ሰጥቷል፤ የድሮው አዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ 10 እጥፍ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራል ፕሮጀክቶችም ቢሆን የካሳውን ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። መሬቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ዕዳው ወደ ታች ወረደ። ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያንኳኩት በር የክልሉ ነው።

ከዳንግላ፦ መተከልም እኮ ጎጃም ነበር።

ነበር፤ ከክፍለ ሀገሩ ሰባት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ግን የሄደው ወደ ሌላ ክልል እንጂ ወደ ፌዴራል አይደለም። የክልል ወሰን ክርክር በአንቀጽ 48 በክልሎቹ ስምምነት፣ ካልተስማሙም በፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወሰን ነውና ከዛሬው ጉዳይ ጋር አላደባልቀውም።

ስለ ከተማ ሊዝ የጠየቃችሁ አራት ሰዎች አላችሁ። እርሱ በአዋጅ 721/2004 የሚመራ ነው፤ ውላችሁን ቅጂ ላኩልኝና በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ።